ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እኔስ ወደ ማን ልሂድ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። ለሌሎች የሚመልሱትን ሳነብ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። ስሜን አይጥቀሱብኝ፤ «አንቺ» ቢሉኝ ደስ ይለኛል።

የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ነኝ። የአንድ 10ኛ ክፍል ሆምሩምም ነኝ። እንዴት እንደተጀመረ እንጃ፣ ልጆቹ ችግራቸውን ይዘው ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዷ መጣች። ከዚያ ጓደኛዋን ላከች። አሁን ብሬክ ላይ ስታፍ ክፍሉ በር ጋ ቆሞ የሚጠብቀኝ ልጅ አይጠፋም። አንዱ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። አንዷ ፈተና በደረሰ ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የሌላው ወላጆቹ ተለያይተው ማን ጋ እንደሚያድር አያውቅም። ትምህርት ቤታችን አማካሪ የለውም። እኔ ደግሞ የሥነ ልቦና ትምህርት አልተማርኩም፤ የማደርገው ማዳመጥ ብቻ ነው።

በቅርቡ አንዲት ተማሪዬ ግን ከአቅሜ በላይ የሆነ ነገር ነገረችኝ። ጎበዝ ልጅ ነበረች። አሁን ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ የቤት ሥራም ትታለች። ለብቻዋ ስጠይቃት ዝም ብላ ቆየችና «ቲቸር፣ ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም «ለማንም እንዳትናገሪ፣ በተለይ ለቤተሰቤ» ብላ አስማለችኝ። ማልኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት እየባነንኩ አስባታለሁ። ጠዋት ስም ስጠራ «አቤት» እስክትል ልቤ ይመታል።

በዚህ መሃል ርዕሰ መምህሩ አዲስ ነገር አመጡ። «ከእንግዲህ የተማሪዎችን የአእምሮ ጤና ከማኅበረሰቡ ጋር ሆነን እንሠራለን» አሉ። ጤና ጣቢያው፣ የወጣቶች ማኅበሩ፣ የወላጆች ተወካዮችና የሃይማኖት አባቶች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። አስተባባሪዋ እኔ ሆንኩ። «ልጆቹ አንቺን ይወዱሻል» ተባልኩ እንጂ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ አባል «ችግር ያለባቸውን ልጆች ስም ዝርዝር አምጪልንና እኛ እናነጋግራቸዋለን» አሉ። ሌላ አባት ደግሞ «ምን ችግር አለባቸው? ጥጋብ ነው እንጂ። በእኛ ጊዜ ጭንቀት የሚባል ነገር አልነበረም» ሲሉ ብዙው ሰው ሳቀ። እኔ ዝም አልኩ።

ባለቤቴ «አንቺ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሽም። ተይው፤ ኋላ አንድ ነገር ቢፈጠር በአንቺ ነው የሚያላክኩት» ይለኛል። እውነቱን ይሆናል። ግን ብተወው ልጆቹን የከዳኋቸው ይመስለኛል። ብቀበለው ደግሞ በምስጢር የነገሩኝን ለሰፈር ሰው አሳልፌ የሰጠሁ ይመስለኛል። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት እኮ የልጆቹ ጎረቤቶችና ዘመዶች ናቸው። ምን ይሻለኛል? ያቺን ልጅስ ምን ላድርጋት?

መምህርቷ

* * *

እህቴ፣ ስለ ልጅቷ የጠየቅሽኝ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ግን ከእሷ ልጀምር። ኮሚቴውም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ ባለቤትሽም ትንሽ ይቆዩን።

«ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር» የሚል ቃል ከድካም ሊመጣ ይችላል። ከንዴት ሊመጣ ይችላል። ሕይወቷን የማጥፋት ሐሳብም ከጀርባው ሊኖር ይችላል። የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገ፣ ሰው በማይሰማችሁ ቦታ፣ ሳትቸኩዪ ተቀመጪና «ያን ቀን የነገርሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። ብዙ ሰው «ብጠይቃት ሐሳቡን እኔው አመጣባታለሁ» ብሎ ይፈራል። በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ፍርሃቱን አልደገፉትም። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። እንዲያውም ብቻውን ተሸክሞት ለኖረ ሰው የሚጠይቀው ማግኘቱ ትልቅ እፎይታ ነው።

«አዎ» ካለችሽ አትደንግጪ፤ ብትደነግጪም ቁጣ እንዳይመስልባት። እንዴትና መቼ እንደምታስብ፣ ለዚያ ያዘጋጀችው ነገር ካለም ጠይቂያት። ዕቅድ ካላት ለነገ የሚባል ነገር የለም። ብቻዋን አትተያት። በዚያው ቀን እምነት ከምትጥልበት አዋቂ ሰው ጋር ሆናችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሷት። ቤት ውስጥ ያሉ መድኃኒቶችና መርዛማ ነገሮች እጇ ከማይደርስበት ቦታ እንዲቀመጡ የሚያስጠብቅ ሰው ይኑር። «አይ፣ እንደዚያ አስቤ አላውቅም» ካለችሽም ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። እንቅልፏ፣ ትምህርት መተዋ፣ ያለችሽ ቃል ሲደመሩ በዚህ ሳምንት ባለሙያ እንዲያያት ይበቃሉ።

አሁን ወደ መሐላሽ። ሌሊት የሚያባንንሽ እሱ ይመስለኛል። አየሽ፣ ልጅቷ ምስጢሯን ለአንቺ ስትነግርሽ በአንድ በኩል «አትናገሪ» እያለች በሌላ በኩል ደግሞ «አንድ ሰው ይወቅልኝ» እያለች ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ሰምተሽ ሁለተኛውን አትለፊው። ከጀርባዋ ሄደሽ ግን እንዳትናገሪ። እሷው ፊት እንዲህ በያት፦ «ለማንም አልናገርም ብዬሽ ነበር። ያንን ቃል መስጠት አልነበረብኝም፤ ምክንያቱም ሕይወትሽ ከቃሌ ይበልጥብኛል። ለማን፣ እንዴት እንደምንነግር ግን አብረን እንወስናለን።» ትቆጣ ይሆናል። ለተወሰነ ቀን ላታናግርሽም ትችላለች። ያንን ቻይው።

«በተለይ ለቤተሰቤ» ያለችሽን ደግሞ በደንብ ስሚው። ለምን? ሊጨነቁብኝ ነው ብላ ነው? ይቆጡኛል ብላ ነው? ወይስ ቤት ውስጥ የሚጎዳት ሰው አለ? ሦስቱ የተለያየ መንገድ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሆኑ «ከቤተሰብሽ ማን ቢሰማ ይሻልሻል? እናትሽ? አክስትሽ? ታላቅ ወንድምሽ?» ብለሽ ምርጫውን ለእሷ ስጪ። የመጨረሻው ከሆነ ወደ ቤት ስልክ መደወል ልጅቷን የባሰ አደጋ ላይ ሊጥላት ይችላል። ያን ጊዜ ቀድሞ ማወቅ ያለበት የጤና ባለሙያውና በሕፃናት ጉዳይ ኃላፊነት ያለበት የመንግሥት አካል ነው።

ከወላጅ ጋር ስትነጋገሪም የበሽታ ስም አትጥሪ። «ልጅዎን ድብርት ይዟታል» ስትያቸው ግማሹ ይቆጣል፣ ግማሹ ያለቅሳል። ያየሽውን ብቻ ንገሪያቸው፦ «ከጥቂት ሳምንት ወዲህ ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ የምትወደውን ትምህርት ትታለች፣ ጨንቋታል። ሐኪም ቢያያት ብዬ ነው፤ አብሬ ልሂድ እችላለሁ።» መመርመሩን ለሐኪሙ ተይለት።

ይህን ከጨረስሽ በኋላ ኮሚቴውን እናንሳ።

ስም ዝርዝሩን አትስጪ። በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግሽም። ሰውየው በክፋት የጠየቁሽ አይመስለኝም፤ ኮሚቴ ሲባል ሥራው ከዝርዝር የሚጀምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። «ችግር ያለባቸው» የሚል ርዕስ ያለው ወረቀት ላይ ስሙ የሰፈረ ልጅ ወረቀቱ ቢጠፋም ስሙ አይጠፋም። አንድ ልጅ በዚህ መንገድ ከተጋለጠ ደግሞ ሌሎቹ ያያሉ፤ በርሽ ላይ የሚቆም ሰው አይኖርም። በምትኩ ኮሚቴው ሥራውን ለማቀድ የሚበቃውን ስጪ። በዚህ ወር ስንት ልጅ መጣ? በምን ጉዳይ? ስንቱ በእንቅልፍ፣ ስንቱ በፈተና ጭንቀት፣ ስንቱ በቤት ጣጣ? ይህ ቁጥር ብቻ ምን ዓይነት ሰው ይምጣልን፣ ስንት ጊዜ ይምጣልን ለሚለው በቂ ነው። እንዲያውም ጥቂት ልጆች ብቻ ያሉበትን ጉዳይ ከሌላው ጋር ደባልቂው፤ በትንሽ ቦታ ቁጥርም ስም ይሆናል።

«ጥጋብ ነው» ያሉትን አባትም አትሸሺያቸው። ስብሰባ ላይ የሚስቅ ሰው ሁሉ ልበ ደንዳና አይደለም። ቤታቸው ውስጥ ክፍሉን ዘግቶ የሚውል ልጅ ሊኖራቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። በዚህ ሒሳብ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ስምንት፣ ዘጠኝ ልጅ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ይህን በስብሰባ መሃል ሰውየውን ለማሳፈር አታንሺው። ለብቻቸው አግኝተሽ ንገሪያቸውና ሥራ ስጪያቸው። ወላጆችን የመጥራት፣ ለማማከሪያ የሚሆን ክፍል የማስለቀቅ ሥራ። ሥራ የያዘ ሰው መሳቁን ይተዋል፤ ቢያንስ እኔ ያየሁት እንደዚያ ነው።

ባለቤትሽ ያለው ደግሞ ግማሹ ትክክል ነው። አንቺ ሐኪም አይደለሽም። ሌላው ግማሽ ግን «ተይው» የሚለው ነው፤ በእሱ አልስማማም። መሃል ላይ ሌላ መንገድ አለ። ከምክንያቱ ልነሳ።

ሕንድ አገር፣ ቢሃር በሚባል ግዛት፣ ከ70 በላይ በሆኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ ታትሟል። ፕሮግራሙ አንድ ዓይነት ነው፤ የተማሪዎችን ጤናና የትምህርት ቤቱን ድባብ ማሻሻል። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ሥራውን የያዙት መምህራኑ ራሳቸው ነበሩ። በሌሎቹ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ብቻ ሰልጥነው የተመደቡ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆኑ አማካሪዎች። አማካሪዎቹ በያዙት በኩል ድብርቱም፣ ጉልበተኛ ልጆች ሌላውን ማጥቃታቸውም ቀነሰ፣ የትምህርት ቤቱም ድባብ ተሻሻለ። መምህራኑ በያዙት በኩል ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

ይህን ያነሳሁልሽ መምህር አይረባም ለማለት አይደለም። መምህር ክፍለ ጊዜ አለበት፣ የሚታረም ወረቀት አለበት፣ ማርክ የሚሰጥም እሱ ነው። አንድ ልጅ ዛሬ ያለቀሰበት ሰው ነገ ፈተና ሲያርምለት ነገሩ ይወሳሰባል። ስለዚህ ድካምሽ የአንቺ ድክመት አይደለም። ሥራው ራሱ በሌላ ሥራ ላይ ሲደረብ የማይሠራ ሆኖ ነው።

እንግዲያው አንቺ በር ሁኚ እንጂ ቤቱ አትሁኚ። ልጆቹ በአንቺ በኩል ይግቡ፤ የሚቀመጡት ግን ሌላ ቦታ፣ ለዚያ ጊዜ ያለው ሰው ጋ ይሁን። አስተባባሪነቱን የምትቀበዪ ከሆነ በዚህ ትርጉም ብቻ ተቀበዪው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ግን፣ እንዳትቀየሚኝ። «ልጆቹን የከዳኋቸው ይመስለኛል» ስትይ ውስጡ «ከእኔ ሌላ ማንም አይረዳቸውም» የሚል ሐሳብ አለ? ካለ አይገርመኝም። ሲያምኑሽ ደስ ይላል። ደስታው ግን ልጁን ለሌላ ሰው ማገናኘት ባለብሽ ሰዓት እጅሽን እንዳይዝሽ።

ሌላው ሰው ማን ይሁን? እዚህ ላይ ነው ማኅበረሰቡ የሚጠቅመው፤ በጤና ጣቢያው በኩል ብቻ እንዳይመስልሽ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያሰለጠኗቸው አያቶችን ነው። ሴት አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው ያነጋግራሉ። ችግሮቹን አንድ በአንድ አስቆጥረው «ከእነዚህ በየትኛው እንጀምር?» ይላሉ። በ2016 እ.ኤ.አ የታተመው ጥናት የእነሱን ምክር ያገኙት ሰዎች የድብርት ምልክት ከሌሎቹ በጣም ቀንሶ እንደተገኘ ያሳያል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ሻሚሪ በሚባለው ፕሮግራም ሁለተኛ ደረጃን በቅርቡ የጨረሱ ወጣቶች ሰልጥነው ተማሪዎችን በቡድን እየሰበሰቡ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለአራት ሳምንት ያወያያሉ። የድብርቱም የጭንቀቱም ምልክት ቀንሷል።

ስለዚህ የወጣቶች ማኅበሩን ለኳስ ውድድርና ለጽዳት ዘመቻ ብቻ አትተዪው። ከውስጡ ሰው የሚያዳምጡ፣ ወሬ የማያዞሩ ሁለት ሦስት ልጆች አይጠፉም። ነገር ግን በሁለቱም አገር የሠራው ሰው ስለተሰበሰበ አይደለም። ሰዎቹ ሰልጥነዋል፤ ከላያቸው የሚከታተላቸውና የከበደውን ጉዳይ የሚቀበላቸው ሰው አላቸው። ሥልጠናና ክትትል የሌለው በጎ ፈቃደኛ፣ ልቡ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ከልጆች ጋር ለብቻው በር ዘግቶ መቀመጥ የለበትም። ይህንን ለኮሚቴው ሳታፍሪ ንገሪ።

የሃይማኖት አባቶቹ መኖራቸውን ወድጄዋለሁ። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ሲታመምበት ከሐኪም በፊት የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። የምትጠይቂያቸው ትንሽ ነገር ነው። ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያም እንዲልኩ፣ ሕክምና የጀመረ ልጅ መድኃኒቱን እንዲያቆም እንዳይመክሩ። አንድ የሚከበሩ አባት «ሐኪም ጋም ሂዱ» ቢሉ የአንቺ አሥር ስብሰባ የማያመጣውን ያመጣሉ።

ጤና ጣቢያው ጋ ደግሞ ማኅተም ያለበት የስምምነት ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሰው ስጡኝ በይ። ስም ያለው፣ ስልክ ያለው፣ ተማሪ ሲመጣ የሚያውቅ አንድ ነርስ ወይም የጤና መኮንን። በሳምንት በየትኛው ቀን ለተማሪ ጊዜ ይኖረዋል? ዓርብ ከሰዓት፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲያስብ፣ አስቸኳይ ነገር ቢመጣ ማን ስልክ ያነሳል? ከእሱ አቅም በላይ ሲሆን ሪፈር የት ይጻፋል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ «ከጤና ጣቢያው ጋር በቅንጅት እየሠራን ነው» የሚለው ሪፖርት ላይ ብቻ የሚኖር ነገር ነው። ልጅ ሲላክም ወረቀት አስይዞ ማሰናበት አይበቃም። ብዙው በመንገድ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮት የሚሄድ ሰው ይኑር። ባለሙያው ለአንቺ የሚመልስልሽ ደግሞ ልጁ ከፈቀደ «መጥቷል» የሚለውን ብቻ ይሁን። ምን እንደተናገረ ማወቅ አያስፈልግሽም፤ ባታውቂው ይቀልሻል።

ማነጋገሪያ ክፍሉ ላይ «የአእምሮ ጤና» የሚል ታፔላ እንዳይሰቅሉብሽ! ማንም ልጅ ጓደኞቹ እያዩት እዚያ አይገባም። ለትምህርት ምክር፣ ለክበባት ምዝገባ፣ ለሌላም ጉዳይ የሚገባበት ክፍል ቢሆን ማን ለምን እንደገባ አይለይም።

የምስጢሩን ጉዳይ ከእንግዲህ በመሐላ ሳይሆን በሕግ አድርጊው። ልጁ አፉን ከመክፈቱ በፊት «የምትነግረኝ ከእኔ ጋር ይቀራል። ግን ራስህን ልትጎዳ ካሰብክ፣ ሌላ ሰው ልትጎዳ ካሰብክ፣ ወይም የሚጎዳህ ሰው ካለ ዝም አልልም» በይው። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ሊመለስ ይችላል። አብዛኛው ግን ይቀጥላል፤ ምን ላይ እንደቆመ ስላወቀ። ያው ሕግ ለኮሚቴ አባላቱም፣ ለሰለጠኑት ወጣቶችም ይሥራ።

ሌላ ያላነሳሽው ነገር አለ፤ እኔ ግን እያነበብኩ ያሰብኩት እሱን ነው። ወደ አንቺ የማይመጡትስ? በርሽ ላይ የሚቆሙት አፍ ያላቸው ናቸው። ከኋላ ወንበር ተደግፎ የሚውለው፣ በትንሹም በትልቁም የሚደባደበው፣ ሰኞ ሰኞ የሚቀረው ልጅ ጭንቀቱን በቃል ላይናገር ይችላል። ብዙ ወንድ ልጆች ሲከፋቸው የሚታይባቸው ቁጣ ነው። ቅጣት ሰጥተናቸው እናልፋለን። ስለዚህ አንድ ወንድ ባልደረባሽን አብሮሽ እንዲሠራ ጠይቂ። በዚያውም አንቺ ስትታመሚ ሥራው አይቆምም።

በአሥር የአውሮፓ አገሮች ከ11,000 በላይ ተማሪዎችን የያዘ ጥናትም ይህንኑ ነገር በሌላ በኩል ያሳያል። በ2015 እ.ኤ.አ የታተመ ነው። አንዱ መንገድ መምህራንን አደጋ ላይ ያሉ ልጆችን እንዲለዩ ማሰልጠን ነበር። ሌላው ተማሪዎቹ ራሳቸው ክፍል ውስጥ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ድብርት፣ ጓደኛ ሲከፋው ምን እንደሚደረግ በውይይትና በጭውውት እንዲማሩ ማድረግ። ራስን የማጥፋት ሙከራን በግልጽ የቀነሰው ሁለተኛው ነው። ከልጆቹ መሃል ለመምህር የማይነግረው ለጓደኛው ይነግራል፤ ጓደኛው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ካወቀ ወደ በሩ ያመጣዋል። የሆምሩም ክፍለ ጊዜሽን ለዚህ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። ማንንም «ችግርህን ተናገር» አትበዪ። «ጓደኛችሁ ለሁለት ሳምንት ዝም ቢል ምን ትሉታላችሁ?» ብለሽ ጀምሪና እነሱ ያውሩ።

አንቺስ? ይህ ሁሉ ሲሆን የአንቺን ሸክም ማን ይሰማዋል? የሰው ምስጢር ተሸክሞ የሚያድር ሰው እሱም የሚያዳምጠው ይፈልጋል። ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጋር በወር አንዴ፣ የልጅ ስም ሳትጠሪ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ እንዲህ አደረግኩ» የምትይበት ሰዓት ጠይቂ። ለባለቤትሽም እንዲሁ፤ ምስጢሩን ሳይሆን ድካምሽን ንገሪው። «ተይው» የሚለው ሌሊት ስትባንኚ አጠገብሽ ስለሚተኛ ይመስለኛል። የምትሠሪበትን ሰዓት ከወሰንሽ፣ ለምሳሌ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ካልሽ፣ እሱም ይረጋጋል። ከዚያ ሰዓት ውጪ የሚመጣ ልጅ አስቸኳይ ካልሆነ ይጠብቅ። አስቸኳይ ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ በሩ ላይ ተጽፎ ይኑር።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግቢና እንዲህ በያቸው፦ «አስተባባሪነቱን እቀበላለሁ። ግን አማካሪ አይደለሁም፤ ልጆችን ከሚመለከተው ሰው ጋር አገናኛለሁ። ለዚህም ከክፍለ ጊዜዬ የተወሰነ ይቀነስልኝ፣ አንድ ባልደረባ ይመደብልኝ። የተማሪ ስም ወደ ኮሚቴው አይሄድም።» ጥሩ ሰው ይመስሉኛል፤ ችግሩን አይተው ነው ኮሚቴ ያቋቋሙት። ክፍለ ጊዜ አልቀንስም ካሉ ግን አስተባባሪነቱን ያለ ጸጸት መልሺላቸው። ልጆቹን ማዳመጥና መንገድ ማሳየት ያለ ማዕረግም ይቻላል። በዚያ ላይ ደግሞ ጊዜ ሳይሰጡሽ ሥራውን ከያዝሽ ባለቤትሽ የፈራው ይደርሳል።

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ተማምነሽ አትውጪ። በሚቀጥለው ስብሰባ የጤና ጣቢያው ተወካይ ስምና ስልክ፣ ለተማሪ የተመደበው ቀን፣ ስም ዝርዝር እንደማይጠየቅ የተስማማችሁበት ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈርና ሁሉም ይፈርምበት። ያም ከመሆኑ በፊት ግን ነገ ጠዋት ስም ጠርተሽ ስትጨርሺ ልጅቷን «ብሬክ ላይ ጠብቂኝ» በያት።